ዛላ የያዘችው ወፍ

ሜልቦርን፣ ሐምሌ 8

ለተከበርሽው የአክስቴ ልጅ ለእታለም ማናለብሽ፣

እንደምን ከርመሻል? ጤናሽ፣ ጉልበትሽ፣ ያ ክረምት ሲመጣ የሚያምሽ ወገብሽ እንዴት ነው? እኔ፣ ባለቤቴ ብርኽቲና ልጄ ፊሊሞን እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። አምላክ ክረምቱን የጥጋብ ያድርግላችሁ፤ ለራያ ሜዳ የሚበቃ ዝናብ ይስጥልን።

ኔትወርኩ ከተዘጋ ወዲህ ስልክሽ አይሠራም። ስለዚህ ይህን ጽሑፍ ወልድያ እየተመላለሰች ለምትነግደው ለጎረቤትሽ ለራቢዓ ልኬ፣ እዚያ አሳትማ እንድታደርስልሽ ለምኛታለሁ። መልስሽንም እሷ ፎቶ አንስታ ትልክልኛለች። ኔትወርኩ እስኪከፈት መጠበቅ ያልቻልኩት ደስ የሚል ዜና ስለያዝኩ ነው። ፍሬዓለም ለስልጠና ወልድያ ሄዳ ሳለ ደውላልኝ ሁሉን ተነጋግረን ጨርሰናል። ልጅሽ ዕጩ ሆናለች! እንኳን ደስ አለሽ፣ እንኳን ደስ አለን! እዚህ ያለነው የተወላጆች ማኅበር አባላት ዜናውን ስንሰማ አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። አንቺን የሚያስቸግርሽ አንዳች ነገር የለም። እልል በይ፣ ሌላው የኛ ሥራ ነው።

ፎቶ ላኪልኝ። ፍሬዓለም በሀበሻ ቀሚስ፣ አንቺ አጠገቧ፣ ጎረቤቱ ዙሪያችሁን ቆሞ። የማኅበሩ ገጽ ላይ እናወጣዋለን።

ወንድምሽ ባንተአምላክ


ቆቦ፣ ነሐሴ 2

ለአቶ ባንተአምላክ፣

ሰላም ላንተ ይሁን። ብርኽቲን ሳምልኝ፣ ፊሊሞንን ሳምልኝ። አንተን ሌላ ቀን።

እኔ መድኃኔዓለም ይመስገን ደህና ነኝ፤ ደብዳቤህ ከመድረሱ በፊት ደግሞ ይበልጥ ደህና ነበርኩ። "ዕጩ ሆናለች" ትለኛለህ? የምን ዕጩ? አንድ ቃል ብትጨምር እጅህ ይሰበር ነበር? ያን ሰሞን መነጽሬ ተሰብሮብኝ ራቢዓ ናት ደጄ ላይ ቆማ ጮክ ብላ ያነበበችልኝ። "ልጅሽ ዕጩ ሆናለች፣ እልል በይ" ስትል እኔ ሞኟ ዕጩ ሙሽራ መስሎኝ እልል አልኩ። ከልቤ እልል አልኩ! ሰፈሩ ተሰበሰበ። ራቢዓ "አልሐምዱሊላህ፣ ማነው ልጁ?" ብላ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ከወገቧ ቀና ማለት የማትችለው ሀሊሜ እንኳ በዱላዋ እየተደገፈች መጥታ እስኪደክማት ዱዓ አደረገችልኝ። ሰው ባየኝ ቁጥር "አማችሽ የማን ልጅ ነው?" ይለኛል። "ገና ነው፣ ትመጣለች፣ ትነግረናለች" እያልኩ ከረምኩ።

ቅዳሜ ፍሬዓለም ከምታስተምርበት ከጎብዬ ስትመጣ ነገሩ ወጣ። "እማ፣ ለወረዳ ምክር ቤት ነው የምወዳደረው" አለችኝ። እስቲ አንተው ንገረኝ፣ ያንን ሁሉ ሰው መልሼ ሰብስቤ "ይቅርታ፣ ባል አይደለም፣ ስብሰባ ነው" ልበል? አፈር ልብላ እንጂ!

ምርጫ አታውቅም ብለህ ደግሞ እንዳታስተምረኝ። ካርድ ያላወጣሁበት ጊዜ የለም። ወረቀቱን ይሰጡኛል፣ ምልክቱ አንድ ነው፣ አንዱ ላይ ምልክቴን አድርጌ አጥፌ ኮሮጆው ውስጥ እከታለሁ፣ ጣቴን ቀለም ይቀቡኛል፣ ወደ ቤቴ እገባለሁ። አባቴ ሊድረኝ ጊዜ "ትፈልጊዋለሽ ወይ?" ብሎ ጠይቆኝ ነበር። የጠራልኝ ስም ግን አንድ ነው። አንድ ስም ጠርቶ ትፈልጊዋለሽ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ከዚያን ቀን ጀምሮ አውቀዋለሁ። ሰውየው፣ ነፍሱን ይማርና፣ ጥሩ ሰው ሆኖ ወጣ። መርጬው ግን አይደለም።

ልጄ ምን እንደነካት አላጣሁትም። የመስኖው ጉድጓድ ሞተር ከተበላሸ ሦስት ዓመት ሞላው። ስብሰባ ላይ ተነስታ "ለኛ የሚጠይቅልን ማነው?" አለች። እዚያ ላይ ይበቃት ነበር። "አንቺው ራስሽ ተወዳደሪ" ብለህ ክብሪቱን የጫርከው አንተ ነህ። አሁን ርዕሰ መምህሩ ሰላም አይላትም፤ አስተማሪዎቹ እሷ ስትገባ ወሬ ያቆማሉ።

ስሟን አስወጣልኝ። ሌላ ካንተ የምፈልገው ነገር የለም። ፎቶ የለም።

ማናለብሽ


ሜልቦርን፣ ነሐሴ 11

ለእታለም ማናለብሽ፣

ጤናና ሰላም ካንቺ ጋር ይሁን፤ ቁጣሽንም አምላክ ያብርድልሽ። ሰላምታሽ ሚጥሚጣ ቢሆንም በትዕግሥት አነበብኩት። ብርኽቲ የእልልታውን ነገር ሰምታ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። እኔ ግን አልሳቅኩም።

"ዕጩ" የሚለውን ቃል ሰምቶ ሠርግ የሚያስብ መራጭ ይኖራል ብዬ አልገመትኩም ነበር። ይኸውልሽ ችግራችን! ሕዝባችን ከፖለቲካ ተፋቷል። አንድ ምልክት ሲሰጡት አንዱን ይመርጣል፣ ምንም ባይሰጡት ምንም አይልም። ሞተሩ ሦስት ዓመት የቆመው ማንም ስላልጠየቀ ነው፤ ማንም ያልጠየቀው ደግሞ እንዳንቺ ያሉ ሰዎች "ምን አገባኝ" ብለው ቤታቸው ስለተቀመጡ ነው። ለመውቀስ አይደለም፣ እውነት ስለሆነ ነው።

ስሟን አስወጣ ላልሽው አይወጣም፤ ተመዝግቧል። የማንም ፓርቲ አባል ሳትሆን በግሏ ስለምትወዳደር ምልክት ያስፈልጋት ነበር። እሱንም ማኅበራችን ተሰብስቦ፣ ሥዕል የሚያውቅ ሰው አስጠርቶ፣ በአንድ ድምፅ አጽድቆላታል። ነጭ ርግብ! የወይራ ቅጠል በአፏ ይዛ የምትበር። ይህን ሁሉ መከራ ላየ ሕዝብ ከሰላም የበለጠ ምን ይነገረዋል? ለኖኅ ቅጠል ያመጣችለት ርግብ ናት። ቤተ ክርስቲያን የምትስሚ ሰው ነሽ፣ ላንቺ አላብራራም።

ርግቧ ያለችበትን ካናቴራ በካርቶን አድርገን በሰው ልከናል። አከፋፍይልን። ሰው ለብሶት ሲወጣ ፎቶ ላኪልኝ፤ ብዙ ሰው ይታይበት።

ወንድምሽ ባንተአምላክ

የራስሽን ልጅ ትመርጫለሽ አይደል? ይህን እንኳ ንገሪኝ።


ቆቦ፣ መስከረም 6

ለአቶ ባንተአምላክ፣ ለርግብ አባት፣

እንኳን ከዘመን ወደ ዘመን አሸጋገረህ። ብርኽቲን "ሳቂ፣ እኔም መሳቅ ጀምሬያለሁ" በልልኝ።

ካርቶኑ ደረሰ። የድምፅ መስጫ ወረቀቱም ናሙና ቀበሌው ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። ባንቴ፣ ካናቴራህ ላይ ያለችው ርግብ ነጭ ናት። ወረቀቱ ላይ የወጣችው ግን ጥቁር ናት። ቀለም ፈሶባት ይሁን ማሽኑ አርጅቶ እኔ ምኑን አውቄ፤ ከአውራ ጣቴ የማትበልጥ ጠቆር ያለች ወፍ ናት የወጣችው። ያስነከስካት የወይራ ቅጠል ደግሞ ወፍሮ፣ ፍሬ ፍሬ መስሎ፣ አንዴ ያየው ሰው የማሽላ ዛላ ነው ከማለት በቀር ሌላ አይልም። ግሪሳ! ማሽላችን ወተት በያዘበት በመስከረም፣ ቆቦ ሜዳ መሀል፣ የማሽላ ዛላ ነክሳ የምትበር ግሪሳ ለጥፈህ "ምረጡኝ" አሰኘሃት!

ሽማግሌዎቹ ወረቀቱ ፊት ቆመው ሲያዩ ነበርኩ። አንዱ "ይቺ ደግሞ ዘንድሮ ፈቃድ አውጥታ ልትበላን ነው?" አለ። ሌላው "ተዋት፣ ሌሎቹ ደብቀው ነው የሚወስዱት፣ እሷ እንኳ ዛላውን በአፏ ይዛ በግልጽ መጥታለች" አለው። ቀበሌው በሳቅ ፈረሰ። ፍሬዓለም ከኋላቸው ቆማ ነበር።

አንተ እኮ እዚህ ነው ያደግከው። ማማ ላይ አጠገቤ ተቀምጠህ ወንጭፍ የወነጨፍከው አንተ አይደለህም? ግሪሳ እንደ ዳመና ስትመጣ ቆርቆሮ እየደበደብን ጉሮሯችን እስኪዘጋ የጮህነው እኔና አንተ አይደለንም? እንዴት ወፍ ትመርጣለህ? በሬ አለ፣ ግመል አለ፣ ሁሉን ብታጣ ዛፍ አለ። ወፍ!

ካናቴራውን የሚለብስልህ ጠፋ። አንድ ብልህ ሰው ግን እንጨት አልብሶ ማሳው መሀል አቆመው፤ ግሪሳዋ ሥዕሏን አይታ ትሸሽ እንደሁ ብሎ ነው። ሌላውም አየና አቆመ። እኔም ሁለት አቁሜያለሁ። እስካሁን የሸሸች ወፍ የለችም።

ልጄ ያን ቀን አለቀሰች። ማግሥቱን ተነስታ "ወፏን ተዉአት፣ ስሜን እዩ" እያለች ቤት ለቤት መዞር ጀመረች። ሰዉ ያዝንላታል፣ ያስገባታል፣ ያበላታል። "ልጄ፣ ማንም ቢቀመጥ ለኛ ምን ይለወጣል?" ብሎ ይሸኛታል። እኔም የምለው ይህንኑ ነው። የምርጫው ቀን ደግሞ ጥቅምት 18 ተባለ። ይህን ቀን የቆረጠው ሰው ማሽላ በገበያ እንጂ በማሳ አይቶ አያውቅም። በዚያ ሰሞን ከማማው የሚወርድ ገበሬ የለም። አምና ግማሹን ወፍ ጨርሶብኝ በሰው እህል ነው የከረምኩት። ዘንድሮ ያለችኝ ያቺው አንድ ማሳ ናት። የምንጠብቃት እኔና ፍሬዓለም ነበርን፤ እሷን ደግሞ አንተ ወሰድክብኝ።

ልጅሽን ትመርጫለሽ ወይ ላልከኝ፣ ከማማዬ አልወርድም።

ማናለብሽ


ሜልቦርን፣ መስከረም 12

ለማናለብሽ፣

ሰላም ካንቺ ጋር ይሁን።

ካናቴራችንን ለብሶ የተገተረውን እንጨት አንድ የማይረባ ሰው በቪዲዮ ቀርጾት እዚህ ድረስ መጥቷል። ስንት ሺህ ሰው እንዳየው አትጠይቂኝ። የማኅበሩ ሊቀመንበር እኔ ነኝ። ትናንት አዳራሽ ስገባ አንዱ ከኋላዬ "እሽ! እሽ!" አለኝ፣ ወፍ እንደሚያባርር። ሰው ሁሉ ሳቀ። የገዛ ሚስቴ ሳቀች!

ርግብ ሰላም መሆኗን የማያውቅ ሕዝብ በዓለም ላይ የለም። የናንተ ዓይን ከማሽላ በቀር ሌላ ካላየ እኔ ምን ላድርግ? አንድ ቀን፣ አንድ ቀን ብቻ ከማማ ወርደሽ ለገዛ ልጅሽ ድምፅሽን ብትሰጪ ሰማይ ይደፋል? እዚህ ሀገር መምረጥ ግዴታ ነው። ያልመረጠ ይቀጣል። ሰዉ በዝናብ ይሰለፋል፣ ሽማግሌው በተሽከርካሪ ወንበር ይመጣል፣ ሁሉም በወግ በማዕረግ መርጦ ይሄዳል። ሀገሩን ሀገር ያደረገው ይህ ነው። እዚያ ግን እናቷ የማትመርጣት ልጅ ጎረቤቱን ምረጠኝ ብላ ትለምናለች። ሰው ምን ይላል? አፍሬብሻለሁ፣ ማናለብሽ። እውነቴን ነው፣ አፍሬብሻለሁ።

እንጨቶቹን አንሺልኝ። ያነሳሽበትን ፎቶ ላኪ።

ባንተአምላክ


ቆቦ፣ ጥቅምት 3

ለባንተአምላክ፣

መስቀልን እንዴት ዋላችሁ? እኛ ማማ ላይ ዋልን።

መልስ ያዘገየሁት ቆሽቴ አርሮ ነው። ሲበርድልኝ እጽፋለሁ ብዬ ነበር፤ አልበረደልኝም።

በመጀመሪያ ያንተን የሥራ ፍሬ ልንገርህ። ፍሬዓለምን ከጎብዬ አነሷት። በምሥራቅ በኩል ከቆላው ጫፍ፣ መኪና በሳምንት አንዴ ከተገኘ ወደሚሄድበት ቦታ ነው የመደቧት። "ለሥራ ቅልጥፍና ሲባል" ይላል ወረቀቱ፤ ሌላ ቃል የለውም። ምርጫው እንዳለፈ ትሄዳለች። እንግዲህ ያንን ደግሞ ገጽህ ላይ አውጣው።

ሁለተኛው ያንተው ጉድ ነው። ፍሬዓለም ወልድያ ሄዳ ከፊሊሞን ጋር በስልክ አውርተው ነበር። ልጅህ ጨዋ ነው፣ ውሸት አያውቅም፤ በናቱ ወጥቷል። "አስራ ስምንት ስለሞላኝ ኅዳር ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ልመርጥ ነው" አላት። "አባዬን ማንን ልምረጥ ብለው፣ ባዶውን አጥፈህ ክተተው፣ እኔ ሁልጊዜ እንደዚያ ነው የማደርገው፣ የምሄደው ቅጣቱን ለመሸሽ ነው አለኝ።"

ባዶውን! ኧረ በመድኃኔዓለም፣ ባዶውን! እኔን ግድየለሽ፣ እኔን ምን አገባኝ ባይ፣ እኔን ያሳፈርሽኝ ስትል የከረምከው ሰውዬ ባዶ ወረቀት አጥፈህ ስትከት ነው የኖርከው? ወግ ማዕረጉ ያ ነው? እኔ አንድ ምልክት ተሰጥቶኝ አንዷን መረጥኩ፤ አንተ ስንት ስም ተደርድሮልህ አንዱንም አልመረጥክም። ደብዳቤህ በመጣ ቁጥር ትንሽ ትንሽ እፈራው ነበር፤ ከኔ የተሻልክ ሰው ትመስለኝ ነበር። አሁን ወጣልኝ።

አንድ ነገር ደግሞ ልንገርህ፤ ለማን እንደምነግረው ስላጣሁ ነው እንጂ ላንተ የሚገባ አይደለም። ትናንት ፍሬዓለም ማማው ሥር መጥታ ቆመች። "እማ፣ እንደማልመረጥ አውቃለሁ" አለችኝ። "ግን አንድ ሰው ይምረጠኝ። ኮሮጆው ውስጥ አንዲት ወረቀት የኔ ናት፣ የማን እንደሆነችም አውቃለሁ ብዬ ልሂድ። አንቺ ሁኚልኝ።" ማሽላውን ማን ይጠብቅ አልኳት። ራቢዓ ወልድያ ናት፣ ሌላው ሁሉ የየራሱ ማማ ላይ ነው፤ ከሄድኩ ማንም የለም። ወጥታ ወንጭፉን ከእጄ ተቀበለችኝና እስኪመሽ ወፍ ስታባርር ዋለች።

ይህን ሁሉ ያመጣህብኝ አንተ ነህ።

ማናለብሽ


ሜልቦርን፣ ጥቅምት 9

ለማናለብሽ፣

ሰላም ብያለሁ።

የቤቴን ወሬ ራቢዓ ወልድያ ላይ ቆማ እያነበበች ፎቶ ስታነሳ ዓይኔ ላይ መጣ። ጥሩ፤ ራቢዓም ትስማ። አዎ፣ ባዶውን ነው የምከተው።

እዚህ የሚፈራረቁት ሁለት ፓርቲዎች ናቸው። የአንዱ ሰው ሰማያዊ ክራባት ያስራል፣ የአንዱ ቀይ። የቤት ኪራይ ሰማይ ሲነካ ሁለቱም "ያሳስበናል" ይላሉ። የምሠራበት መጋዘን ሊዘጋ ነው ሲባል ለሁለቱም ጻፍኩ። ሁለቱም መለሱልኝ፤ ደብዳቤው ቃል በቃል አንድ ነው፣ ስሜን እንኳ ሁለቱም በአንድ ዓይነት ስሕተት ነው የጻፉት። ከታች ትናንሽ ስሞች አሉ፤ ማን እንደሆኑ ጎረቤቶቻቸው እንኳ አያውቋቸውም። አባትሽ አንድ ስም ጠርቶ ትፈልጊዋለሽ ወይ አለሽ አልሽ። እኔን ሁለት ስም ጠርተው ይጠይቁኛል፣ ሰውየው ግን አንድ ነው። የቱ ይሻላል? እኔ ባዶ የምከተው ስለናቅኳቸው ነው፤ አንቺ የማትሄጂው ስለታከተሽ ነው። አንድ አይደለም።

ደግሞ ልብ በይ። የኔ ወረቀት ላይ የማውቀው ሰው ስም ተጽፎ አያውቅም። አንድ ቀን እንኳ ያሳደግኩት ልጅ ስም ቢኖርበት በዶፍ ዝናብ በባዶ እግሬ እሄድ ነበር። ያንቺ ወረቀት ላይ ግን አለ። የማህፀንሽ ልጅ ናት። "አንቺ ሁኚልኝ" ብላ ለመነችሽ፣ አንቺ የማሽላ ሒሳብ ትሠሪያለሽ። እኔን ባዶ ከተትክ ከማለትሽ በፊት ይህን አስቢበት።

ከማማሽ ሳትወርጂ ከቀረሽ ዘመዴ ናት ብዬ ስምሽን አላነሳም።

ባንተአምላክ


ሜልቦርን፣ ጥቅምት 22

ማናለብሽ፣

ምርጫው አለቀ፤ ከራቢዓ "አላለፈችም" የሚል አንድ ቃል ብቻ ነው የደረሰኝ። ሌላ ሌላውን ብጠይቃት "እሷው ትጻፍልህ" አለችኝ። ምንድነው የምትደብቁኝ?

ወርደሻል ወይስ አልወረድሽም? ለመጻፍ ከተጠየፍሽ ጣትሽን ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ። ቀለሙን ልየው።

ባንተአምላክ


ቆቦ፣ ኅዳር 2

ለአክስቴ ልጅ ለባንተአምላክ፣

መድኃኔዓለም ጤና ይስጥህ፣ ልጅህን ያሳድግልህ። ይህ ከልቤ ነው። ከዚህ በታች ያለው ግን ምርቃት አይደለም።

ወረድኩ።

ግሪሳ ጧት ትበላለች፣ ፀሐይ ሲበረታ ዛፍ ላይ ትጠለላለች፣ ከሰዓት ቀዝቀዝ ሲል ትመለሳለች። ይህንን ሳትረሳው አትቀርም። ጧት ሳባርር አርፍጄ፣ እሷ ስትጠለል ሮጥ ብዬ ሄጄ፣ ምልክቴን አድርጌ ሳትመለስ ልመለስ አስቤ ነበር። ለማንም አልነገርኩም፣ ለፍሬዓለምም። ባጃጅ ይዤ እኩለ ቀን ላይ ምርጫ ጣቢያው ደረስኩ። ሰልፍ የሚባል ነገር የለም። አንድ ዘበኛ በር ላይ ተቀምጧል። "ሰው ስለሌለ ምሳ ሄደዋል፣ ጠብቂ" አለኝ።

ጠበቅኩ። ጥላው ከግድግዳው ዞረ። ዘበኛው "እናቴ፣ ለምን ትንገላቻለሽ፣ ያው የታወቀ ነው እኮ" አለኝ፤ ክፉ ሰው አይደለም፣ አዝኖልኝ ነው። ልነሳ አልኩ። እውነት እልሃለሁ፣ ተነስቼም ነበር። ያን ጊዜ የወፎቹን ድምፅ ሰማሁ። ቀና ብል ከዋጃ በኩል እየተገለበጡ፣ እየተጠቀለሉ፣ በላዬ አለፉ። የሚሄዱበትን አውቀዋለሁ። ያን ሰዓት ሮጬ ባጃጅ ብይዝ ግማሹን አተርፍ ነበር።

"አንቺ ሁኚልኝ" ያለችኝ መጣብኝ። ተመልሼ ተቀመጥኩ። ወፎቹ አልፈው እስኪጨርሱ መሬት መሬቱን አየሁ።

አስመራጮቹ ምሳ በልተው መጡ፣ ማኅተሙን ፈለጉ፣ ቁልፉን ፈለጉ፣ በመጨረሻ ወረቀቱን ሰጡኝ። ሁለት ምልክት አለበት። ባንቴ፣ ፀጉሬ ሸብቷል፤ ሁለት ነገር ቀርቦልኝ የቱን ትወስጃለሽ ስባል ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ባል አንድ ነበር፣ ምልክት አንድ ነበር። ወረቀቱን ደግሜ ደግሜ አየሁት። እንዳትስቅብኝ። ያቺ ጥቁር ወፍ ዛላዋን እንደነከሰች ታየኛለች። ጧት ማታ የምረግማት ወፍ ናት፤ ጎኗ ላይ ግን የልጄ ስም አለ። ምልክቴን አደረግኩባት።

ማሳዬ ስደርስ ጸጥ ብሏል። ያ ጸጥታ ሲሰማ ሥራቸውን ጨርሰዋል ማለት ነው። አገዳው ቆሟል፣ ራሱ ላይ ምንም የለም። ሁለቱ ካናቴራዎችህ መሀል ላይ ተገትረዋል፤ ያንደኛው ትከሻ ላይ አንዲት ወፍ ተቀምጣለች። ወፏን መረጥኳት፣ ወፏ ማሽላዬን በላችው። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፣ አንተንም ረገምኩ። ደግሜ ረገምኩህ።

ፍሬዓለም አመሻሹ ላይ መጣች። ማሳውን አየች፣ ከዚያ ጣቴን አየች። "እማ፣ ምን አደረግሽ?" አለችኝ። "ያልሽኝን" አልኳት። እግሬ ላይ ወደቀች። ስንት ሰው እንደመረጣት አልነገረችኝም፣ እኔም አልጠየቅኋትም። ቅዳሜ በጭነት መኪና ወደ ተመደበችበት ሄደች። ፊቷ የተሸነፈ ሰው ፊት አልነበረም። ይህን ያልኩት ደስ እንዲልህ አይደለም።

ብር ልላክ እንዳትለኝ። እህል ራቢዓ ሰጥታኛለች፤ በሰው መሀል ነው ያለሁት፣ አልራብም።

ሁለቱም አንድ ናቸው ላልከው፣ እውነትህን ሊሆን ይችላል። እኔም ልጄ ብታልፍ ሞተሩ ማግሥቱን ይነሳ ነበር አልልህም። ግን ስለናቅኳቸው ነው ባዶ የምከተው ትላለህ። ባዶውን ቆጥረው ሲጥሉት ባንተአምላክ የሚባል ሰው ናቀን ይላሉ? ማን እንደሆንክ በምን ያውቃሉ? ከኔ ከታከተኝ የሚለይህን ማን ያይልሃል? ለመምረጥ ማሽላህን ወፍ አይበላብህ፣ ልጅህን ቆላ አይሰድዱብህ። እዚያ ወረቀት ላይ ካሉት የትናንሾቹን ስሞች ማንነት ለማወቅ የሚፈጅብህ አንድ ቀን ነው፤ እኛን ለመስደብ ስንት ቀን ተቀመጥክ?

ምርጫችሁ ደርሷል። ከፊሊሞን ጋር አብረህ ሂድ። ከሁለቱ ክራባቶች ክፋቱ የሚያንሰውን፣ ወይ ከታች ካሉት አንዱን፣ ማንንም ቢሆን ምረጥ። ባዶውን ከከተትክ ግን ማሳዬን ዳግመኛ ያስበላኸው አንተ ነህ፤ ያን ጊዜ ዘመዴ ነው የማልለው እኔ ነኝ።

የጣቴን ፎቶ አልክልህም። ካንተም ፎቶ አልፈልግም። ፊሊሞን ይጻፍልኝ፤ እሱ አይዋሽም።

እህትህ ማናለብሽ